የተለጠፈችው ኳስ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ጫማዬን ላሰፋ ቁጭ እንዳልኩ አንዲት የሰፈራችን ልጅ የቅርጫት ኳሷን ታቅፋ መጣች። ቆዳዋ ተልጦ፣ መጨበጫ ነጥቦቿ ተፍቀው እንደ ሎሚ ለስልሳለች። ሰፊው ማስቲሽ ቀብቶ የተነሳውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ሲጫን ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ታያለች።

«ጋሼ፣ የአሜሪካ ሴቶች ሊግ ይከስራል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አብሽሪ» አልኳት። ያ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ ከ2026 (እ.ኤ.አ.) የሚጀምር፣ ለ11 ዓመት 2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝ የቴሌቪዥን ውል እንዳለው ነገርኳት።

ለእሷ አብሽሪ ብል እኔም ሆዴ አላረፈም። የሊጉ ቡድን የነበረው ሂውስተን ኮሜትስ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 አራቱንም የመጀመሪያ ዋንጫዎች ወስዶ፣ በ2008 የሚገዛው ጠፍቶ ፈረሰ። ዝነኛዋ ተጫዋች ኬትሊን ክላርክ በ2024 አዳራሽ ስትሞላ የሊጉ ደመወዟ 76 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ገባ ማለት ተጫዋቿ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ለእኛዎቹ ደግሞ ደመወዝ ቀርቶ ኳሱም ብርቅ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ሰፊው ሂሳብ አልተቀበላትም። «እስከ ነገ እንዳታነጥሪያት፣ ማስቲሹ ይድረቅ» ብሎ ሰጣት። በሻሿ ጠቅልላ ይዛት ሄደች።