ዘይቱን ስጡ፣ ፎቶውን ተዉት

ፌስቡክ ላይ ደጋግሜ የማየው ፎቶ አለ። አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት የታቀፈች እናት፣ ከጎኗ ባነር፣ ከኋላዋ ሸሚዛቸውን አስተካክለው የቆሙ ሰዎች። እናትየዋ ካሜራውን አታይም፣ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ከሥሩ "እግዜር ይስጥልን"፣ "አላህ ይቀበላችሁ" የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲለጠፍ ስሟን መጻፍ አያስፈልግም። ፒያሳ የቆመው ያውቃታል፣ ባለ ሱቁ ያውቃታል፣ የልጇ የክፍል ጓደኞችም ያውቋታል። ነገ እረፍት ሰዓት ላይ ምን እንደሚባል ልጁን ጠይቁት።

እኔ እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ወረቀት ላይ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይላል፣ ሰፈር ውስጥ ግን "የእርዳታዋ ልጅ" ነኝ። እርዳታው ማነሱ ያሳዝነኛል፤ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ዱቄት የሰጠ ሁሉ የተቀባይዋን ፊትና ታሪክ አብሮ የገዛ ይመስለዋል።

"ፈቅዳ እኮ ነው የተነሳችው" ይሉኛል። እንዴት ነው የፈቀደችው? ዱቄቱ ፊቷ ተቀምጦ፣ እምቢ ብል የሚቀጥለው ወር ስሜ ይሰረዝ ይሆን ብላ እየፈራች? አንዳንድ ቦታ ደግሞ የፎቶ ፈቃዱን ከእቃ መረከቢያው ፎርም ግርጌ በአንዲት መስመር ይወሽቋታል፣ ማንበብ የማትችል ሴት አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፣ አለቀ። ይሄ ፈቃድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት መከበር አለበት ሲል "ከሴፍቲኔት ተጠቃሚ" (ለደሃ ቤተሰብ ከሚሰጠው ድጋፍ ተጠቃሚ ማለት ነው) "በስተቀር" አላለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ፈቃድ በነፃነትና ነገሩን አውቆ የሚሰጥ እንዲሆን፣ የሰጠው ሰውም መልሶ ማንሳት እንዲችል ይፈልጋል። የጤና መረጃን ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። ብዙ ባልደረቦቼ አዋጁ መኖሩን አልሰሙም፣ አልፈርድባቸውም፣ ማን ነገራቸው?

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ፎቶ የግድ ካስፈለገ እቃው ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ቤቷ ሄጄ እጠይቃለሁ። ያኔ "ተይው እህቴ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለጋሹ ሪፖርት ይፈልጋል ለሚለኝ፦ የተቆለለ ከረጢት አንሳለት፣ የእጅ ፎቶ አንሳለት። የተፈረመበትን ዝርዝር ኦዲተር ቢሮ መጥቶ ያያል። ፌስቡክ ኦዲተር አይደለም።

ዝርዝር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ስለዚህ የተጠቃሚ ምልመላ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሰፈር ኮሚቴ ይለያል፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይገለጻል፣ ቅሬታ ያለው ያቀርባል። እዚህ ላይ የምስጢር ጠበቃ ነኝ ብዬ "ስም አይለጠፍ" አልልም። ስም ካልተለጠፈ የኮሚቴው አክስትና አጎት ነው የሚገባው። ስሙ ይለጠፍ። ምክንያቱ ግን አይለጠፍ። ከስሟ ትይዩ "ሕመምተኛ"፣ "ባሏ የታሰረ" የሚል ማስታወሻ ያለበት ወረቀት ቀበሌ በር ላይ የሚሰቅል ሰው ግልጽነትና ማጋለጥ ተምታቶበታል።

ይሄ ሁሉ ግን የወረቀት ነገር ነው። የባሰው ፈተና ቡና ላይ ነው።

በከተማችን ሠራተኛውም ተረጂውም የአንድ ቅሬ፣ ማለትም የአንድ እድር፣ አባል ሊሆኑ ይችላሉ። አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን ድንኳን እንተክላለን። ጠዋት ቢሮዬ መጥታ ያለቀሰችዋ ሴት ከሰዓት ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ትቀመጣለች። ሳትመጣ ከቀረች ደግሞ አቦሉ ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል፦ "ልጄ፣ ያቺ ምን ሆና ነው እናንተ ዘንድ የምትመላለሰው?" ክፋት የለውም፣ ብዙ ጊዜ ሊረዷት አስበው ነው። ግን በአቦል የተነገረ በረካ ሳይደርስ ሰፈሩን ይዞራል። ዝም ብል ኩራት ይሆናል፣ "አላውቅም" ብል ውሸት ነው። ስለዚህ "እማማ፣ የአንቱን ጉዳይ ለሰው ባወራ ይወዱልኛል?" እላለሁ። ይስቃሉ። "አይ አንቺ!" ብለው ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ ያዞሩታል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ደግሞ የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል።

የወንጀል ሕጉ 399ኛ አንቀጽ የሙያ ምስጢር ማውጣትን እንደሚያስቀጣ ሥልጠና ላይ ይነገረናል። ጥሩ ነው። ግን ምስጢር ለምን እንደሚጠበቅ ማወቅ የሚፈልግ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ የሚወጣና የሚወርደውን ሚኒባስ ይይ። የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ለመውሰድ ከደሴ ኮምቦልቻ የምትወርድ አለች፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የምትወጣም አለች። እሷን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ለመሰለፍ። የሚኒባሱ ሒሳብ የኛ ሐሜት ዋጋ ነው።

የሚጠየቅበት ቦታ ጉዳይም አለ። በ2013 ክረምት ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቃይ ተሞልተው አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሲያድር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ባልሽ የት ነው? የደረሰብሽ ነገር አለ?" የሚል መዝጋቢ ነበረ። ምን ብላ ትመልስ? "የለም" አለች፣ ፎርሙም "የለም" ተብሎ ተሞላ፣ ሪፖርቱም እንደዚያው ሄደ። ጥያቄው ትክክል ቢሆንም መመለስ በማይቻልበት ቦታ ከተጠየቀ ባይጠየቅ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልበል፣ ምክንያቱም "ምስጢር ነው" እያልን የምንደብቀው ነገር አለ። ሕፃን ልጅ "ለማንም አትንገሪብኝ" ስትለኝ እሺ አልልም። ከመጀመሪያው፣ ገና ሳትጀምርልኝ፣ "የሚጎዳሽ ነገር ካለ ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች መንገሬ አይቀርም፣ ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ እነግርሻለሁ" እላታለሁ። አንዳንዷ ዝም ትላለች፣ ይቆረቁረኛል። ግን ቃል ሰጥቶ ከማፍረስ ይሻላል። ሕገ መንግሥቱም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ነው የሚለው፣ የቤተሰቡ ስም ይቅደም አይልም።

ችግሩ ሽማግሌ ሲገባ ነው። ሽምግልናን አልንቅም፣ ወሎ ላይ ስንት ደም ያደረቀ ነገር ነው። የመሬት ጠብ ይፍታ፣ ባልና ሚስት ያስታርቅ። ልጅ ስትደፈር ግን ሽማግሌ ሰብስቦ "በካሣ እንጨርሰው" ማለት አይሠራም፤ አስገድዶ መድፈር ቤተሰብ ይቅር ስላለ የሚዘጋ ክስ አይደለም። ሌላም አለ፣ ሽማግሌዎቹ የማያስቡት። ከጥቃት በኋላ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አንዱ ሽማግሌ ከገጠር እስኪመጣ፣ ሌላው ጁምዓ ወይም ቅዳሴ እስኪወጣ ሲባል ሰዓቱ ያልፋል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፖሊስ። እርቅ የሚሉ ካሉ ወረፋ ይጠብቁ።

ያለዕድሜ ጋብቻም እንደዚያው። "አድጋለች፣ ቁመቷን አታዩም እንዴ" የሚል አባት አጋጥሞኛል። ቁመት አይደለም፣ 18 ዓመት ነው። የወንጀል ሕጉ 648ኛ አንቀጽ 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ላገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። ይሄን ለአባትየው የምነግረው ላስፈራራው አይደለም፣ እሺ፣ ትንሽ ላስፈራራውም ነው።

ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ዘመድህ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከስብሰባው ውጣ። ቤቷ ስትሄድ ቡና ካፈላችልህ ጠጣ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ዶሮ ካመጣችልህ ግን መልስ፣ ደግሞ ሰው ፊት አትመልስ። በእርዳታ ስም ሴት ልጅን ገላዋን የሚጠይቅ ሰው ካለ "ባሕርይው ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም፣ ሥራውም ይሂድ፣ ወደ ሕግም ይቅረብ።

አንድ የቀረኝ ነገር የፋይሉ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ፕሮጀክት ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራል፣ ይዘጋል። መኪናው ለማን እንደሚሰጥ ስብሰባ ይደረጋል፣ ላፕቶፑ በሲሪያል ቁጥሩ ይቆጠራል። ካርቶን ሙሉ ፋይል፣ የሴቶቹ ቃል፣ የልጆቹ ሕክምና፣ የማን ቤት ማን እንደሚደበድብ የተጻፈበት ወረቀት ግን የኪራይ ቤቱ ኮሪደር ላይ ይቀራል። ቤቱ ሲለቀቅ ባለቤትየው ምን ያድርገው? ወረቀት ገዢ ይጠራል፣ ከዚያ ሱቅ ይሄዳል፣ ስኳር ይጠቀለልበታል። የመስክ ሠራተኞቹ ስልክ ውስጥ የቀረውንማ ማን ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ፕሮጀክት የምትዘጉ ሰዎች፣ ርክክቡ ላይ አንድ ተራ ጨምሩልኝ፦ የትኛው ፋይል ለየትኛው ቢሮ በፊርማ ይሰጣል፣ የትኛው ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ማን ቆሞ ያያል። እናንተ መሥሪያ ቤት ይሄን በደንብ የሚያደርግ ካለ እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉልኝ፣ የኛን ለማሻሻል እፈልገዋለሁ።