ያገለገሉን አባቶች ሲታመሙ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የንስሐ አባታችንን ልጠይቅ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን ስኳሩም ግፊቱም ተደራርቦባቸው አልጋ ላይ ናቸው። መቋሚያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኢንሱሊኑን ባለቤታቸው ውሃ ባለበት ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። ውሃው ሲሞቅ ይቀይሩታል፤ ቀኑን ሙሉ።

«አባቴ፣ ከደብሩ ይጠይቁዎታል?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለበዓል ብቅ ይላሉ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

በጣም አዘንኩ። እኚህ አባት ስንቱን ሌሊት ማኅሌት ቆመው አድረዋል! ልጆቻችንን አጥምቀዋል፤ ለሙታናችን ፍትሐት አድርሰዋል። ዛሬ መድኃኒት መግዣ ይቸግራቸዋል።

ድሮ ብዙ አገልጋይ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ይተዳደር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዋናነት ያለው አሥራታችንና መባችን ነው። «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል መጽሐፉ (1ኛ ጢሞ. 5፥18)። ጉልበቱን ጨርሶ ሲተኛስ ማን ይጡረው?

እኔ የምለው፣ ቢያንስ የጡረተኛ ካህናትንና የቤተሰባቸውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ደብሩ ይክፈል። ለአጥርና ለአዳራሽ ስናዋጣ ኖረን የለ? ይሄ አያቅተንም። ደግሞ ካህኑ ሲያርፍ «የግቢውን ቤት ልቀቁ» የሚባሉ እናቶች ነገር አለ፤ እሱም መልስ ይፈልጋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ አስገባለሁ። የደብራችን ልጆች፣ አብራችሁኝ ፈርሙ።