አባባ፣ መንገዱ ተዘግቶብኛል

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት። የድሬን የ8 ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰዉ ወይ ተኝቷል ወይ ቅሟል። እኔ መጋላ ቤቴ ሽርጤን አገልድሜ፣ ቬንትሌተር ፊት ቁጭ ብዬ የከዚራውን ቢሯችንን ኔትወርክ ከክላውድ ጋር አገናኛለሁ። የሒሳብ ሶፍትዌራችን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደምንጠቀምባቸው የሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ሄዷል፣ የቪፒኤን ታነሉ (ቢሮውን ከክላውዱ የሚያገናኘው፣ በኢንተርኔቱ ውስጥ የሚያልፍ የግል መስመር) ሥራ ጀምሯል፣ የቀረው ለራውተሩ፣ ትራፊኩን በየመንገዱ ለሚልከው ሳጥን፣ "ወደዚያ የሚሄደውን በዚህ ላከው" ማለት ብቻ ነው።

የሚጻፈው ሦስት መስመር ነበር። 10.20.0.0/16 እና ሁለት ወንድሞቹ፣ ክላውዱ ውስጥ ያሉት አድራሻዎቻችን። እኔ ግን ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቶ "አቦ ምን ሦስት መስመር ያስጽፈኛል" ብዬ 0.0.0.0/0ን ወደ ታነሉ አዞርኩት። ሁሉም በዚያ ይሂድ ማለት ነው። ሁሉም ሲባል ግን ታነሉን ራሱን ተሸክሞ የሚሄደውም ትራፊክ አለበት! ጉድጓድ የወረደ ሰው ገመዱን ጠቅልሎ ይዞት ሲወርድ አስቡት። ስክሪኔ ቀጥ አለ። ቢሮው ከኢንተርኔት ተቆረጠ፣ እኔ ከቢሮው።

ጥበቃው ጋ ደወልኩ።

"አባባ፣ መንገዱ ተዘግቶብኛል።"

"የቱ? ደቻቱ እንደሆነ ደረቅ ነው፣ ዝም ብለህ ና።" ደቻቱ መጋላንና ከዚራን የሚለየው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚሞላው ወንዝ ነው።

"የኢንተርኔቱ ነው አባባ። ጥግ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥን አለ፣ ነቅለው መልሰው ይሰኩልኝ።"

ነቀሉ። የፍሪጁን ስቴብላይዘር። እሱም ብልጭ ድርግም ይላል፣ አልፈርድባቸውም። በሁለተኛው ሙከራ ራውተሩን አገኙት። ሴቭ ያልተደረገ ነገር ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይጠፋል፣ የድሮው ይመለሳል ብዬ በደስታ እየጠበቅኩ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሴቭ ያላደረግኩት ሥራ ሁሉ ጠፍቶ አለቃዬ አፈር ድሜ አብልቶኛል። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር በጻፍኩ ቁጥር ሴቭ አደርጋለሁ። ይቺንም አድርጌያታለሁ። በሕይወቴ አንዴ ጨዋ ብሆን!

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፑን ያለ ኔትወርክ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ) ሰካሁ፣ ዜሮዎቹን አጠፋሁ፣ ሦስቱን መስመር እንደ ሰው ጻፍኩ፣ ሠራ። ከቢሮ ስወጣ አባባ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ለካ ሽርጤን አልቀየርኩም፣ ጫፉንም ሰብስቤ በእጄ ይዤዋለሁ።

"ደቻቱ ደረቅ ነው አላልኩህም?" አሉኝ።