ሱዳን በሚኒ ሚዲያችን

ክፍል ውስጥ ስለ ሚዲያና ስለ ሕዝብ ንቅናቄ ሲነሳ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠሩት ቱኒዚያን ነው። እውነት አላቸው። የጎዳና ነጋዴው መሐመድ ቡአዚዚ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ሲዲ ቡዚድ ውስጥ ራሱን አቃጠለ፤ ፕሬዚዳንቱ ቤን አሊ አገር ጥሎ የሸሸው ከ28 ቀን በኋላ ነው። አልጀዚራ ያኔ ቱኒዝ ውስጥ እንዳይሠራ ተከልክሎ ስለነበር ሰው በስልኩ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ የለቀቀውን እየወሰደ ያሳይ ነበር።

ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ የገደለው ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ ይመጣል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አስቆማቸዋለሁ። ቪዲዮውን የቀረጸችው ዳርኔላ ፍሬዚየር ያኔ 17 ዓመቷ ነበር፤ የእነሱ እኩያ ማለት ነው። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው የጤና እክል አጋጥሞት እንደሞተ የሚገልጽ ነበር። ያቺ ልጅ ስልኳን ባታወጣ ኖሮ መዝገብ ላይ የሚቀረው ይኸው ነበር።

እኔ ግን የዜግነት ትምህርት ሳስተምር ልጆቹን በእግራችን ወደምንደርስበት ወደ አራት ኪሎ መውሰድ እወዳለሁ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ የሚያዝያ 27 ሐውልትና ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እዚያው ተቀራርበው ነው ያሉት። ካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ አርበኞች ባረፉበት ቦታ፣ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት ትባላለች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ የታሰረች ሴት ናት። ያቋቋመችው ሳምንታዊ ጋዜጣ "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዕለት ነበር።

"ቲቸር፣ ታዲያ ጦርነቱን አስቆመው?" ይሉኛል። አላስቆመውም። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ብዙም ሳይቆይ አነሳ። የዓለም ዓይን ወደ ስፔን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ ራሷ ለወረራው በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ሲልቪያ ግን ስለ መርዝ ጋዙም ሆነ ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ መጻፏን አልተወችም። ጋዜጣው ለ20 ዓመት ታተመ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ፌዴሬሽኑም የራሱን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ።

በኋላ የጋና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ክዋሜ ንክሩማህ እ.ኤ.አ. በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለንደን ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር የጋዜጣ ሻጭ ሰሌዳ አየ። መላው ለንደን በእሱ ላይ ጦርነት ያወጀበት ያህል እንደተሰማው በኋላ ጽፏል። ያኔ አገራችንን አይቷት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ሐውልቱ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሟል። ያን የመሰለ ድንጋጤ በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ቪዲዮ ይመጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከድንጋጤው በኋላ ያለው ሳምንት፣ ከዚያም ያለው ሳምንት ነው።

ጎረቤታችንን ሱዳንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካርቱም ላይ በተቃውሞ ሰልፍ መሃል ነጭ ለብሳ መኪና ላይ ቆማ የታየችው የአላ ሳላህ ፎቶ ዓለምን ዞረ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አደባባይ ላይ የተቀመጡት ሰልፈኞች ሲገደሉና ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሱዳን ድጋፍ ለማሳየት የብዙ ጓደኞቼ የፌስቡክና የሌላ ገጽ ፕሮፋይል ሰማያዊ ሆነ። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እዚያች አገር ጦርነት አለ፤ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል፤ ከተሰደዱት አንዳንዶቹ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከእኛ ጋር ታክሲ ይሰለፋሉ። አሁን ግን ከማውቃቸው ሰዎች የማንም ፕሮፋይል ሰማያዊ አይደለም። ይህ ከልቤ ያመኛል።

ስለዚህ ከሚኒ ሚዲያ ክበቡ ልጆች ጋር ተመካከርንና ዓርብ ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በኋላ ስለ ሱዳን ሦስት ደቂቃ እንዲያነቡ ተስማማን። ደንባችን ጥብቅ ነው። አንድ ወሬ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ካልተገኘ አይነበብም፤ የቲክቶክ ቪዲዮ ከሆነ የትና መቼ እንደተቀረጸ መታወቅ አለበት። ማይኩ ስለሚንጫጫ የኋላ ሰልፍ ላይ ያሉት ግማሹን አይሰሙም፤ እሱን ገና አላስተካከልንም።

አንድ ዓርብ ተረኛዋ ልጅ ማይኩን ይዛ፣ "ባለፈው ሳምንት ከሱዳኗ ከተማ ከኤል ፋሸር ነው ብለን የነገርናችሁ ቪዲዮ የቆየ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን" አለች። ሰልፉ ሳቀ። እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ የዕለቱን ዜና ቀጠለች። የሚሊዮኖች ተከታይ ያላቸው ገጾች የማያደርጉትን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስታደርገው አይቼ ኮራሁ።

ሰሞኑን ክበቡ ውስጥ በሚቀጥለው ሴሚስተር አገር እንቀይር የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ምክንያታቸው ሰው ሰልችቶታል የሚል ነው። መሰልቸቱ እውነት ነው፤ አልካድኩም። ጦርነቱ እንዳላለቀ ብቻ ነገርኳቸውና ውሳኔውን ለእነሱ ተውኩት። ለረጅም ሰዓት ተከራክረው ድምፅ ሰጡ። ሱዳን ትቀጥላለች፤ የመጀመሪያው ዓርብ ተረኛ 10ኛ "ለ" ነው።