ሙቀቱ አልነበረም

ትናንት በማይክሮፕሮሰሰር የሠራነው ቁጥር ቆጣሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከ0 እስከ 9 እየደጋገመ ሲቆጥር ዋለ። አንድም ጊዜ አልጠፋም። ያውም ቬንትሌተሩ አጠገቡ እየዞረ! ለእኔና ለላቦራቶሪ ጓደኛዬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። እዚህ ድሬም ሆነ ሌላ ከተማ ማይክሮፕሮሰሰር የምትማሩ ልጆች ያንን ሦስት ሳምንት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። የምንማረው በ8085 ነው፤ ኢንቴል በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር። ኪቱ (ፕሮሰሰሩና ቁልፎቹ አንድ ላይ ያሉበት የመለማመጃ ቦርድ) ኮምፒውተር አይፈልግም። ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ፣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከሠንጠረዥ እያያችሁ ወደ ሄክስ (በ16 መሠረት ወደሚጻፍ ቁጥር) ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ በቁልፎቹ ታስገባላችሁ። ብዙ ልጅ ይሰለቸዋል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ አሁን 76 ሳይ "ቁም" የሚለው ትዕዛዝ እንደሆነ ሳላስብ ይመጣልኛል። ያስቸገረኝ መዘግየት መጻፍ ነበር፤ ማለትም ፕሮሰሰሩ ባዶ ዙር እየዞረ እንዲቆይ የሚያደርግ ኮድ። ዲሲኤክስ የሚባለው ትዕዛዝ ጥንዱን ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚያዝባቸውን ሁለት ቦታዎች) በአንድ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ፍላጉን፣ ውጤቱ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት፣ አይነካም፤ ስለዚህ ሁለቱን ሬጂስተሮች በኦር አገናኝታችሁ ዜሮ መሆናቸውን ማየት አለባችሁ። እሱን ካወቃችሁ በኋላ ሂሳቡ ደስ ይላል። ኪታችን ላይ ያለው፣ የክሎኩን (የፕሮሰሰሩን ምት) ፍጥነት የሚወስነው 6.144 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ለሁለት ይከፈልና 3.072 ይሆናል። አንዱ ዙር 24 ክሎክ ይወስዳል። 65,535 ጊዜ ሲዞር ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው።

አሁን ወደ 8255 ልምጣ፣ መከራችን እሱ ጋ ነው። ባለ 40 እግር አይሲ (ቺፕ) ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ፖርቶች (የመረጃ መግቢያና መውጫ በሮች) ይሰጠዋል። ፖርቶቹ ማስገቢያ ይሁኑ ማስወጫ የሚወስነው እናንተ የምትልኩለት ኮንትሮል ወርድ ነው። 80 ሄክስ ከላካችሁ ሦስቱም ማስወጫ ይሆናሉ። ከኪቱ ሽቦ ስበን፣ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ 8255ቱን ተክለን፣ ፖርት ኤ ላይ ሰቨን ሴግመንት (ቁጥር የሚያሳይ ማሳያ) አገናኘን። 80 ላክን። መቁጠር ጀመረ። ተቃቅፈን ጮኽን።

ያ ጠዋት ነበር። ከሰዓት ስንመለስ አራት ወይ ስድስት ላይ ይደርስና ድርግም ይላል። ከመጀመሪያው ስናስነሳው ይቆጥራል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ድርግም። በማግስቱ ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ያው። ያየን ሁሉ "አቦ፣ ሙቀቱ ነው!" አለን። ድሬ ላይ ስልክ ቢጠፋም ባጃጅ ቢቆምም መጀመሪያ የሚባለው እሱ ነው፣ እኛም አመንን። የላብ ቴክኒሽያኑን ለምነን 8255ቱን ሁለት ጊዜ አስቀየርነው። ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ። ዳታሺቱን (የአይሲውን መግለጫ ሰነድ) ቀድሜ ባነበው ኖሮ ይህ አይሲ እስከ 70 ዲግሪ እንደሚሠራ አይ ነበር፤ ድሬ የቱንም ያህል ብትሞቅ እዚያ አትደርስም።

ከዚያ ኮዱን መነካካት ጀመርኩ። ይህን መናገር ይከብደኛል ግን ልናገረው። ችግሩን ሳላውቀው ኮንትሮል ወርዱን ዙሩ ውስጥ አስገባሁት፣ በየቁጥሩ 80 እንደገና እንዲላክ። ማሳያው ቢጠፋም ቀጣዩ ቁጥር ላይ ይመለሳል። ለመምህራችን "ተስተካክሏል" ብዬ አሳየሁ፣ ማርክም አገኘሁበት። ግን ዓይናችን እያየ ብልጭ ድርግም ይላል። ጓደኛዬ "ይሄ ማስተካከል ሳይሆን መሸፈን ነው" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ምክንያቱን ያገኘችውም እሷ ናት። አንድ ከሰዓት ወረቀቷ እየበረረ ሲያስቸግራት ቬንትሌተሩን አጠፋችው። ቆጣሪው መጥፋቱን ተወ። መልሳ አበራችው፣ ወዲያው ድርግም። አምስት ጊዜ ሞከርነው፣ አምስቱንም። ጠዋት ጠዋት ቬንትሌተር የሚያበራ የለም፤ ከሰዓት ግን ከጠረጴዛችን ጫፍ ይቆማል፣ ገመዱም በብሬድቦርዳችን ሥር ያልፋል።

80 እንደገና ሲላክ ማሳያው የሚመለስ ከሆነ፣ ሲጠፋ ፖርቶቹ ማስገቢያ ሆነዋል ማለት ነው። ያኔ ጥያቄውን ገልብጠን ጠየቅን፦ 8255ን ሦስቱንም ፖርቶች በአንዴ ማስገቢያ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ሪሴት፤ አይሲውን ወደ መነሻው የሚመልሰው ምልክት። 35ኛው እግር። መልቲሜትሩን አስገባሁ። ከ0.8 ቮልት በታች መሆን ነበረበት። እሱ ግን አንዴ 0.6፣ አንዴ 1.3፣ እጄን ሳስጠጋ ደግሞ ሌላ። የትም ያልታሰረ እግር ነው። ከ8085ቱ 3ኛ እግር የሚመጣውን ሽቦ ነቅዬ ለካሁት፣ ቢፕ አላለም። ላስቲኩ ደህና ነው፣ መዳቡ ውስጡ ተቆርጧል። ሽቦውን ቀየርን፣ እኔም 80ውን ወደ ቦታው፣ ከዙሩ ውጪ፣ መለስኩት።

ያ መልቲሜትር ሦስቱንም ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የምለካበት 5 ቮልቱን ብቻ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አስባለሁ። ሲሙሌተር (ሰርኪዩቱን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ብቻ የተማረ ሰው ግማሹን ነው የተማረው፤ እዚያ ሽቦ አይቆረጥም። 8085 አርጅቷል፣ በቀጥታ አርዱይኖ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቦርድ) ጀምሩ የሚሉትንም አልሰማቸውም፤ አርዱይኖ ጥሩ ነው፣ ግን ሪሴቱን፣ አድራሻውን፣ ክሎኩን ሁሉ አስተካክሎ ስለሚሰጣችሁ የት እንዳሉ እንኳ አታዩም። ሁሌ ጠዋት የሚሠራና ከሰዓት የሚጠፋ ነገር ካጋጠማችሁ ደግሞ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተቀየረ ጻፉ። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የአይሲውን 40 እግር በሙሉ ለኩ፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የአይሲው ኃይል መግቢያ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ፤ እኛ ያደረግነው ትናንት ነው፣ አስቀድመን ማድረግ ነበረብን።

አሁን ቁልፍ ጨምረናል፤ ሲጫን እንዲቆጥር። አንዴ ስጫነው ሦስት ይቆጥራል። የቁልፉ መንቀጥቀጥ (አንዴ ሲጫን ውስጡ ብዙ ጊዜ መነካካቱ) እንደሆነ ገብቶኛል፣ 20 ሚሊሰከንድ መዘግየት ጽፌ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። በዚህ ጊዜ ኮዱን ሳልጨምርበት ቁልፉን ራሱን ልለካው ነው። በ8255 ቁልፍ ያነበባችሁ ካላችሁ ከፖርቱ ወደ 5 ቮልት ስንት ኦም ሬዚስተር እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፤ እኔ 10 ኪሎ ኦም ላይ ነኝ።