የሜክሲኮ ጓዳ ከዛላው ሲጀመር

በርበሬ ከቤቱ የማይጠፋ ሰው የሜክሲኮን ምግብ ሲጀምር የሚሳሳተው በሚያውቀው ነገር ነው፤ እጁ በቀጥታ ወደ ዱቄቱ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ «ቺሊ ፓውደር» ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጠው ከሙን፣ ኦሬጋኖና ነጭ ሽንኩርት ተደባልቆበታል። የኛ በርበሬ ደግሞ ኮረሪማውንም በሶብላውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱም ለሜክሲኮ ምግብ መሠረት አይሆኑም። እዚያ አገር የሚገዛው ዛላው ነው፤ ድብልቁ የሚዘጋጀው በየምግቡ፣ በየቀኑ ነው። የበርበሬ ዘር መጀመሪያ የተላመደው ሜክሲኮ ውስጥ መሆኑን፣ ወደኛ የደረሰውም ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ መሆኑን ሳስብ፣ ያንን ዛላ በእጅ ይዞ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል።

ሦስት ዓይነት ይበቃል። አንቾ የደረቀ ፖብላኖ ነው፦ ሰፊ፣ የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚል፣ ብዙም የማያቃጥል። ጓሂዮ ረዘም ያለ ነው፤ ቆዳው ልሙጥና የሚያብረቀርቅ፤ ለወጡ ቀለምና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጣል። ቺሌ ዴ አርቦል ቀጭን ነው፤ የሚገባው ለማቃጠል ብቻ። ለመነሻ ከሁለቱ 100 ግራም 100 ግራም፣ ከአርቦል 30 ግራም በቂ ነው። ፓሲያና ሙላቶ የተባሉት ሌሎች ዛላዎች ሞሌ (ብዙ ቅመም የሚገባበት ወፍራም ስልስ) መሥራት ሲታሰብ ይደርሳሉ።

ሲገዛ ከረጢቱን ጨበጥ አድርጎ ማየት ነው። ጥሩ አንቾ እንደ ደረቀ ፍራፍሬ ይተጣጠፋል፤ የሚንኮሻኮሽና የሚፈረፈር ከሆነ አርጅቷል፣ መዓዛውም ሄዷል። ከረጢቱ ሥር ደቃቅ ብናኝ፣ ዛላው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ተባይ ገብቶበታል። ቤት ሲደርስ አየር በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ፍሪዘር ቢገባ ለወራት አይለወጥም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው አሠራሩ ላይ ስለሆነ እዚህ ልቆይ። አናቱ ተቆርጦ ፍሬው ይራገፋል። ወፍራም መጥበሻ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ይግልና ዛላው በየገጹ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይታመሳል። መዓዛው ሲያውድና ቀለሙ ትንሽ ሲለወጥ ወዲያው ይነሣል። ከጠቆረ ይመራል፤ ያንን ምሬት ስኳርም ጨውም አያወጣውም፣ ጥሎ እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ ትኩስ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። የዘፈዘፈበት ውሃ ይቀመስ፤ ከመረረ ይደፋና በምትኩ ንጹሕ ውሃ ወይም መረቅ ይግባ።

ለ1 ኪሎ ሥጋ የምመክረው ልክ ይኸው፦ 6 ጓሂዮ፣ 3 አንቾ፣ 1 አርቦል፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ 2 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ጨው። በብሌንደር ከላመ በኋላ በወንፊት ይጠለላል፤ የጓሂዮ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ሳይጠለል ከቀረ አፍ ላይ እንደ ወረቀት ይቀራል። ቀጥሎ በጋለ ዘይት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቁላላል፣ ቀለሙ እስኪጠልቅና ዘይቱ ወደ ዳር እስኪወጣ። በርበሬ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ እንደሚል ለኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለሚፈናጠር ግን ክዳን በቅርብ ይሁን።

ሌላው ምንም የማይተካው ማሳ ሃሪና ነው (ማሳ ሲሉ ሊጥ ማለታቸው ነው፣ የኛ የእርሻ ማሳ አይደለም)። በቆሎው ለምግብ በሚሆን ኖራ ተቀቅሎ እዚያው ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ታጥቦ ይፈጫል፣ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። የቀቀሉት በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፤ ቃሉ ከናዋትል ቋንቋ «አመድ» እና «ታማል» (በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ) ከሚሉት የተገጠመ ነው። ኖራው ገለባውን ያላቅቃል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል፣ በቆሎው ውስጥ ታስሮ የነበረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታል። በቆሎ ያለዚህ ዘዴ ዋና ምግብ በሆነባቸው አካባቢዎች፣ በሰሜን ጣሊያንና በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በዚህ ቫይታሚን እጦት የሚመጣው ፔላግራ የተባለ በሽታ ብዙ ሰው ጎድቷል። ተራ የበቆሎ ዱቄት ለቶርቲያ (ለስሱ የበቆሎ ቂጣ) ቢታሽ የሚፈረካከሰውም ኖራ ስላልነካው ነው። ከረጢቱ ላይ «ለታማል» የሚል ካለ ሸካራው ነው፤ ለቶርቲያ ደቃቁ ይወሰድ።

2 ኩባያ ዱቄት (240 ግራም ገደማ)፣ 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ጨው ታሽቶ፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ 20 ደቂቃ ያርፋል። 16 ገደማ ድቡልቡል ይወጣዋል። በሁለት ላስቲክ መካከል ሲጫኑት ጠርዙ ከተሰነጠቀ ደርቋል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨመር፤ ላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ ረጥቧል። በጣም በጋለ መጥበሻ 20 ሰከንድ፣ ተገልብጦ 1 ደቂቃ፣ እንደገና ተገልብጦ እስኪነፋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ኮማል (ጠፍጣፋውን የቶርቲያ መጥበሻ) መግዛት አያስፈልገውም። የወጣው ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ በራሱ እንፋሎት የሚለሰልሰው ያኔ ነው።

ቦሎቄው ጥቁሩ ወይም ዝንጉርጉሩ ፒንቶ ይሁን፣ ብዙ ደንበኛ ካለው ሱቅ ይገዛ፤ ያረጀ ቦሎቄ ስንት ሰዓት ቢቀቀል አይለሰልስም። 500 ግራም በ2 ሊትር ውሃ ከግማሽ ሽንኩርት ጋር ይጣዳል፤ ቲማቲምም ሎሚም ከመብሰሉ በፊት አይግባ፣ አሲድ ያጠነክረዋል። ኤፓሶቴ የተባለው ቅጠል ከተገኘ 1 ዘለላ። ባህሉ የአሳማ ስብ ነው፤ ለማይበላና ለጿሚ ዘይት ይበቃል። የታሸገ የተፈጨ ቦሎቄ የሚገዛ ግን ጽሑፉን ያንብብ፣ ስቡ ብዙ ጊዜ አለበት።

የሜክሲኮ ኦሬጋኖ ከፒዛው ኦሬጋኖ ጋር ስም እንጂ ዘር አይጋራም። ዘሩ ሊፒያ ነው፤ ቅቤ የምናነጥርበት ኮሰረትም ከዚያው ከሊፒያ ወገን ነው። ጣዕማቸው አንድ ባይሆንም ይህ ዝምድና ሁሌም ደስ ይለኛል። ቀረፋው ካኔላ የሚባለው፣ በጣት የሚሰበረው ስስ ልጥ ይሁን፤ ጠንካራውና ወፍራሙ ካሲያ ነው፣ ሞሌን ይጫናል።

ከቆርቆሮ የምፈቅደው ሁለት ነው። አንዱ ቺፖትሌ በአዶቦ፣ ማለትም በጭስ የደረቀ ሃላፔኞ በስልስ ውስጥ፤ ለአንድ ወጥ 1 ወይም 2 ፍሬ ስለሚበቃ የተረፈው ተፈጭቶ በበረዶ መሥሪያ ይቀዝቅዝ። ሌላው ቶማቲዮ (ልባስ ያለው፣ አረንጓዴ ቲማቲም መሳይ ፍሬ)፣ ትኩሱ ሲጠፋ ብቻ። ትኩሱ ልባሱን ሞልቶ የያዘ ይመረጥና የሚያጣብቀው ላይ ላዩ ታጥቦ፣ አረንጓዴው እስኪደበዝዝ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከፈነዳ ስልሱ ውሃ ውሃ ይላል።

የተቀረው አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ፦ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ። በኬሶ ፍሬስኮ ፋንታ ውሃው በደንብ የተጠነፈፈ አይብ ጨው ተነስንሶበት ይሆናል። «ኻማይካ» ብለው የሚሸጡት ቀይ አበባም ከርከዴ ነው፤ 1 ኩባያ በ2 ሊትር ውሃ 5 ደቂቃ ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ በስኳር ይቀዘቅዛል።