የኮሮላዬ ፋን ለምን አልዞር አለ?

ችግሩን መጀመሪያ የነገረኝ የሙቀት ጌጁ ነው። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ስነዳ ቀስቱ ከመሃል ዝቅ ብሎ አይነቃነቅም። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስቆም ግን ቀስ እያለ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ መንገዱ ሲከፈትና መንዳት ስጀምር ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ልዩነት ልብ ማለት የሥራው ግማሽ ነው። መኪና ሲሮጥ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ነው፤ ሲቆም ግን ሥራው የፋኑ ብቻ ይሆናል። የውሃውን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተደፍኖ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ በሩጫ ላይ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ይብስበት ነበር። ለማረጋገጥ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን በቆመበት አስነሣሁት። ጌጁ ከመሃል አለፈ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ እጅ አላስነካ አለ፤ ፋኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የእኔ መኪና ፋን ደግሞ እንዲነሣ የተሠራው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃው እስከዚያ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ውስጡን በግፊት አምቆ ስለሚይዘው ውሃው መቶ ዲግሪ አልፎም አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ፋኑ ገና ትእዛዝ ሳይደርሰው ውሃው ይገነፍላል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በፋኑ ይላከካል። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑንና የውሃውን መጠን ነው። በትኩሱ የተከፈተ ክዳን ፊት ያቃጥላልና እባካችሁ አትቸኩሉ። የእኔ ሁለቱም ደህና ነበሩ። የፋኑን 30 አምፔር ፊውዝም አየሁት፣ አልተቃጠለም።

ሰፈሬ ያለ ወጣት ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ፋኑን የሚያዘውን የሙቀት ስዊች ሽቦ ነቀለና ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘው። ፋኑ ዝም አለ። «ጋሼ፣ የፋኑ ሞተር አልቋል፤ ሶማሌ ተራ ሄደው ሌላ ያምጡ» አለኝ፤ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ነው። ፍተሻው ለብዙ መኪኖች ትክክል ነው። የእኔ ግን እ.ኤ.አ. የ1997 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ የእነዚያ ዘመን ኮሮላዎች አሠራር ደግሞ ግልባጭ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስዊቹ ይዘጋና (ሽቦውን ያገናኝና) ሪሌውን፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ስቦ ፋኑን ያቆመዋል፤ ሲሞቅ ስዊቹ ይከፈታል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ፋኑ ይዞራል። ሽቦው መንገድ ላይ ቢበጠስ ፋኑ ሳያቋርጥ ይዞራል እንጂ የመኪናው ሞተር አይቃጠልም። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ምስጋና ይገባዋል። እንግዲህ ሽቦውን ከብረት ጋር ማገናኘት ፋኑን ማጥፋት ነው። ትክክለኛው ፍተሻ ሽቦውን ነቅሎ ምንም ሳያስነኩ ቁልፉን መክፈት ነው። ለዚሁ ነው ሪሌውን ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሮ መሞከር እዚህ የማይሠራው፤ ውስጡ የተለየ ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች ፋኑን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ እዚያ በማሽን ማንበብ ይቀድማል።

ሽቦውን ነቅዬ ቁልፉን ከፈትኩ። ስዊቹን ሳገናኝና ሳለያይ ሪሌው «ቀጭ» ይላል፣ ፋኑ ግን አይዞርም። ማዘዣው ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የፋኑን ሶኬት ነቅዬ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ ቀጥታ ሰጠሁት፤ ወዲያው በኃይል ዞረ። የፋኑ ሞተርም አላለቀም። ሶማሌ ተራ መሄዱ ቀረ።

በተነቀለው ሶኬት ላይ ቴስተር ሳደርግ 12.3 ቮልት አነበበ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቴስተር የሚጎትተው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፤ ፋን ግን ብዙ ይጎትታል። የተደፈነ ቧንቧም ጫፉ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ይመስላል፤ ሲከፈት ነው ጠብታ ብቻ የሚወጣው። ስለዚህ መለካት ያለበት ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ፋኑ ሊዞር ሲታገል ነው። ሰካሁትና የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይዤ በሶኬቱ ጀርባ በኩል ለካሁ። በፖዘቲቩ ሽቦ 12 ቮልት አለ። ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ባለው ሽቦ፣ በቶዮታ ማሳ (ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) በሆነው፣ ከ11 ቮልት በላይ አነበበ። ፋን ሲዞር ማሳው ላይ መነበብ ያለበት ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ከዚያ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ጊዜያዊ ገመድ ሳስነካ ፋኑ ተነሣ።

ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ በግራው መብራት ጀርባ ወደ ላሜራው የታሰረበት ብሎን ደረስኩ። በ10 ቁልፍ ፈታሁት። የሽቦው ጫፍ የሚያርፍበት ብረት ላይ ቀለም አለ፣ ቆንጆ አብረቅራቂ ነጭ ቀለም፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ብረት ተልጦ ዝጓል። መኪናው ከክረምቱ በፊት የፊት ላሜራው ተስተካክሎ ተቀብቶ ነበር። ቀቢው ሽቦውን ፈትቶ ቀባና በቀለሙ ላይ መልሶ አሰረው። በዚያች ጠርዝ ሲሠራ ቆይቶ ዝናቡ ሲመጣ ዝጎ ለፋኑ የሚበቃ ከረንት ማሳለፍ አቃተው። የግራ ፍሬቻዬ ለምን እንደደበዘዘም ያኔ ገባኝ፤ ማሳቸው አንድ ነው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ የሽቦውንም ጫፍ እንዲሁ፤ አጥብቄ አስሬ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። ሞተሩን በቆመበት ሳሞቀው ፋኑ በራሱ ተነሣ፣ ጌጁ ወረደ፣ ፋኑ ቆመ፣ እንደገና ተነሣ።

በዚህ መሃል «ዳይሬክት አድርገው» ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ቁልፍ ሲከፈት ጀምሮ ፋኑ እንዲዞር ማድረግ ማለት ነው። በጽኑ እቃወመዋለሁ። ሞተሩ በጠዋቱ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ የፋኑ ካርቦን ያለጊዜው ያልቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ያለፊውዝ በቀጭን ሽቦ የሚሠራው ነው፤ ሽቦው ሲግል እሳት ያስነሣል። በእኔ መኪና ደግሞ ፖዘቲቭ ብቻ ዳይሬክት ቢደረግ ፋኑ ያው አይዞርም ነበር፤ የጎደለው ማሳ ነውና።

መሣሪያው ሳይሰበሰብ በቀኝ መብራት ጀርባ ያለውንም የማሳ ብሎን ፈታሁ። ከሥሩ ያው ነጭ ቀለም ነበር፤ ፈትጌ መልሼ አሰርኩት።